ሐይቅ ዳር አረንጓዴው ሲበዛ፦ ሳተላይት የሚያየውና የሚያመልጠው

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ደጋግማችሁ ያያችሁት ዓይነት ምስል አለ። በግራ በኩል የድሮው ሐይቅ፣ ሰፊና ሰማያዊ። በቀኝ በኩል ያው ሐይቅ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሰማያዊው ጠቦ ዳር ዳሩ አረንጓዴ ሆኖ። ከሥሩ "ሐይቁ እየሞተ ነው" ይላል። ሌላ ቀን ደግሞ ተመሳሳይ ምስል ይለጠፍና "አካባቢው አገገመ፣ አረንጓዴ ለበሰ" ይባልበታል። ምስሉ ከሁለቱ ማን ልክ እንደሆነ ብቻውን ሊነግረን አይችልም።

ይህን የማነሣው ነገሩ የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነው። ሐይቅ ዳር ያለው ረግረግ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥልበት፣ ወፍ የሚከርምበት፣ ከማሳ ታጥቦ የሚመጣው ደለልና ማዳበሪያ ሐይቁ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚጣራበት ቦታ ነው። እዚያ የሚበቅለው ተክል ሲለወጥ ሐይቁም አብሮ ይለወጣል። ለውጡ ግን በአንድና በሁለት ዓመት አይታይም። ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ ዓመት ይፈጃል፤ ያን ያህል ዘመን አንድን ረግረግ ሳይሰለች ሲያይ የኖረ ታዛቢ ከሳተላይት ሌላ በብዙ ቦታ የለም። ስለዚህ የሚነግረንን በትክክል ማንበብ መቻል አለብን።

የእኔ ነጥብ ይህ ነው፦ አረንጓዴው መብዛቱ ወይም ማነሱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። መጠየቅ ያለበት የትኛው ተክል የትኛውን ተክቶ ገባ፣ በየትኛው ወር፣ ውሃውስ ያን ጊዜ የት ደርሶ ነበር የሚለው ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከመነሻው እንጀምር። የመጀመሪያው ላንድሳት ሳተላይት የመጠቀው በሐምሌ 1972 ነው። ምድርን በ80 ሜትር ገደማ ጥራት ያይ ነበር፤ ማለትም የምስሉ አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 80 ሜትር ገደማ ስፋት ነበራት። በ1984 የመጠቀው ላንድሳት 5 በ30 ሜትር ጥራት ያይ ነበር። ሦስት ዓመት እንዲያገለግል ነበር የተሠራው፤ እስከ 2013 ድረስ ሠራ። ዛሬ ስለ ሐይቅ ዳር ተክል የምናውቀው የረጅም ጊዜ ታሪክ ትልቁ ክፍል የእርሱ ውለታ ነው። ከዚያ 7፣ 8 እና 9 ተከተሉ። አውሮፓም በበኩሏ ከ2015 ጀምሮ ሴንቲኔል 2 የሚባሉትን አመጠቀች፤ በ10 ሜትር ጥራት፣ ሁለቱ ሲጣመሩ በየአምስት ቀኑ ያያሉ።

በመሃል ግን ከማናቸውም መሣሪያ በላይ ነገሩን የለወጠ ውሳኔ አለ። በ2008 አሜሪካ የላንድሳትን መዝገብ በሙሉ በነፃ ለቀቀች። ከዚያ በፊት አንዱ ምስል በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጥ ነበር። ተመራማሪው ባለው በጀት ሁለት ወይም ሦስት ምስል ገዝቶ "ያኔ እና አሁን" ብሎ ከማወዳደር ሌላ ምርጫ አልነበረውም። የሁለት ምስል ልማድ ከዚያ የድህነት ዘመን የተረፈ ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ያን ልማድ የምንይዝበት ምክንያት የለም፤ የአንድን ሰው ጤና በልጅነቱና በእርጅናው በተነሣቸው ሁለት ፎቶዎች መፍረድ ነውና፣ በመሃል ታሞ ይሁን ድኖ አይታወቅም።

አሁን ሳተላይቱ ተክልን እንዴት እንደሚያውቅ እንይ። ጤናማ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግብ ዝግጅቱ ይወስደዋል፣ ለዓይናችን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ግን መልሶ ይረጨዋል። ውሃ ደግሞ ኢንፍራሬዱን ይውጠዋል። የሁለቱን ብርሃን ልዩነት ለድምራቸው ሲያካፍሉት በኔጋቲቭ 1 እና በ1 መካከል ያለ ቁጥር ይወጣል። ኤንዲቪአይ ይሉታል። ክፍት ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ በታች ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ ተክል ወደ 0.8 ይጠጋል። ስሌቱ ቀላል ስለሆነ በየሪፖርቱ ታገኙታላችሁ። ችግሩ ቁጥሩ የተክል ስም አያውቅም። ደንገል ይሁን ሸምበቆ፣ እምቦጭ ይሁን ሩዝ፣ ለእርሱ ሁሉም አረንጓዴ ነው።

አንዲት ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ ከተሠራባቸው ትናንሽ ነጥቦች አንዷን፣ ወስደን ጠጋ ብለን እንያት። 30 ሜትር በ30 ሜትር፣ ማለትም 900 ካሬ ሜትር ናት። ሐይቁ ጠርዝ ላይ እናስቀምጣት። ግማሿ ውሃ፣ ግማሿ ሸምበቆ። ሳተላይቱ ሁለቱን ቀላቅሎ አንድ ቁጥር ይሰጣታል፣ 0.3 እንበል። በዓመቱ በዚያው ወር 0.5 ሆና ተገኘች። ምን ተፈጠረ? ሸምበቆው ተስፋፍቶ ይሆናል። ሸምበቆው ባለበት ሆኖ ውሃው በአንድ ክንድ ወርዶ፣ በወጣው ጭቃ ላይ ሣር በቅሎ ይሆናል። ነፋስ ተንሳፋፊ አረም ገፍቶ አምጥቶባት ይሆናል፣ በማግስቱ መልሶ የሚወስደው። ወይም ገበሬ የሸሸውን ውሃ ተከትሎ ዘርቶባት ይሆናል። አራት የተለያየ ታሪክ፣ አንድ ቁጥር።

አሁን ያቺኑ ፒክስል ዓመቱን ሙሉ እንከተላት። እዚህ ላይ ነው የረጅም ጊዜ መዝገብ ዋጋው የሚታየው። ደንገል ከሆነች ከወር ወር ብዙ አትዋዥቅም፣ በበጋም በክረምትም አረንጓዴ ነች። ሰብል ከሆነች በሳምንታት ውስጥ ሽቅብ ትወጣና አጨዳ ሲደርስ በአንዴ ትወድቃለች። የውሃ ሽሽት ሣር ከሆነች ውሃው ሲወርድ ትለመልማለች፣ ውሃው ሲመለስ ትሰጥማለች፤ ሰዓቷን የምታስተካክለው በሐይቁ ከፍታ ነው። ተንሳፋፊ አረም ከሆነች ደግሞ ሥርዓት የላትም፤ ዛሬ 0.7፣ ከሳምንት በኋላ ከዜሮ በታች። ስም የማያውቀው ቁጥር በጊዜ ሲደረደር ስም መጥራት ይጀምራል ማለት ነው። ለዚህ ነው አንድ ጥሩ ምስል ከመምረጥ መቶ መካከለኛ ምስል መደርደር የሚሻለው።

ተክሎቹ ራሳቸው ዳር ላይ በዘፈቀደ አይቆሙም። ከደረቁ መሬት ወደ ውሃው ስትሄዱ እንደ ቀበቶ ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። መጀመሪያ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚጥለቀለቅ ሣርና ቄጠማ፣ ከዚያ እግሩ ውሃ ውስጥ የሚከርም ሸምበቆ፣ ፊላ ወይም ደንገል፣ ከዚያ ቅጠሉን ውሃ ላይ የሚዘረጋው፣ መጨረሻ ላይ ሙሉ በሙሉ ከውሃ በታች የሚኖረው። እያንዳንዱ ቀበቶ የሚወሰነው ውሃው ምን ያህል ጥልቀት ላይ ስንት ወር እንደሚቆይ ነው። የግማሽ ሜትር ለውጥ፣ ወይም የአንድ ወር መቅደምና መዘግየት፣ ቀበቶውን በሙሉ ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። ዳሩ ሜዳማ በሆነ ሐይቅ ግማሽ ሜትር ውሃ ማለት ኪሎ ሜትሮች ማለት ነው።

ለዚህ ከቻይናው ፖያንግ ሐይቅ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ፖያንግ የቻይና ትልቁ የጨው አልባ ውሃ ሐይቅ ነው። አምስት ወንዞች ይገቡበታል፣ ከያንግዜ ወንዝ ጋር ደግሞ በአንድ በር ይገናኛል። በክረምቱ ጎርፍ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፣ በደረቁ ወቅት ከ1,000 በታች ይወርዳል። ስለዚህ የጎርፍ ወርና የደረቅ ወር ምስል አጠገብ ለአጠገብ ብታስቀምጡ በዚያው ዓመት ውስጥ "ሐይቁ ጠፋ" ማለት ትችላላችሁ። ለሐይቁ ይህ ዓመታዊ ኑሮው ነው። ተክሉም፣ ወፉም፣ ዓሣውም በዚህ መስፋትና መጥበብ ላይ ነው የተሠራው።

በ2003 ከላይ በያንግዜ ላይ ያለው የሦስት ሸለቆዎች ግድብ ውሃ መያዝ ጀመረ። ግድቡ የሚሞላው በዋናነት ከመስከረም ጀምሮ ባሉት ወራት ነው። በነዚያ ሳምንታት የወንዙ ከፍታ ይወርዳል፣ ሐይቁም ወደ ወንዙ ቶሎ ይፈሳል። በሌላ በኩል በ2000 አካባቢ ያንግዜ ላይ የአሸዋ ቁፋሮ ሲከለከል ቆፋሪዎቹ ወደ ፖያንግ ገቡ። ሐይቁ ወደ ወንዙ የሚወጣበት መስመር ተቆፍሮ ሰፋ፣ ጠለቀ። ሰፊ በር ብዙ ውሃ ያስወጣል። ከሁለቱ የቱ ይበልጣል የሚለው ተመራማሪዎችን ሲያከራክር ቆይቷል፤ ሁለቱም ሐይቁን ወደ አንድ አቅጣጫ እንደገፉት ግን ግልጽ ነው። የመኸሩ ውሃ ቀድሞ መሸሽ ጀመረ።

ሳተላይቶቹ ያዩት ይህን ነው። የቄጠማ ዘመድ የሆነው ሣር ከድሮው ቀድሞ ብቅ ማለት ጀመረ፣ ወደ ሐይቁ መሃልም ወረደ፤ ጭቃና ጥልቀት የሌለው ውሃ የነበረው አረንጓዴ ሆነ። በኤንዲቪአይ ቋንቋ ብትሄዱ ፖያንግ እየለመለመ ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ደስ ሊለው ይችላል።

ወፎቹ ጋ ስትሄዱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዓለም ላይ ካሉት የሳይቤሪያ ክሬን የሚባሉ ነጫጭ ባለ ረጅም እግር ወፎች ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት የብርዱን ወቅት የሚያሳልፉት ፖያንግ ነው። የሚበሉት ከውሃ በታች የሚያድግ ተክል ሥር ላይ የሚያፈራውን ድንች መሰል ነገር፣ ጭቃውን በመንቁራቸው እየቆፈሩ ነው። ያ ተክል ለሳተላይቱ አይታይም ማለት ይቻላል። ሣሩ ወደ መሃል ሲወርድ የእርሱን ቦታ ነው የሚይዘው። የዱር ዝይዎቹ ደግሞ ሣሩን ይበላሉ፣ ግን ለጋ ሲሆን ነው። ውሃው ቀድሞ ሲሸሽ ሣሩ ቀድሞ ይበቅላል፣ ዝይዎቹ ከሰሜን ሲደርሱ ረዝሞና ጠንክሮ ይቆያቸዋል። አረንጓዴ ሞልቶ መኖ የለም። በ2010 ደግሞ በተቃራኒው ከባድ ጎርፍ መጣና ያ የውሃ ውስጥ ተክል ብርሃን አጥቶ ሳያፈራ ቀረ፤ ክሬኖቹም ወደ እርሻ ማሳና ወደ ሎተስ ኩሬዎች ሲወጡ ታዩ። በ2022 ያንግዜ ተፋሰስ በድርቅ ሲመታ ፖያንግ በነሐሴ መጀመሪያ፣ ገና የውሃ ሙላት ወቅት መሆን በሚገባው ጊዜ፣ ከ1951 ወዲህ ከተመዘገበው ሁሉ ቀድሞ የደረቅ ወቅት ከፍታው ላይ ደረሰ። ዓሣ ሊዋኝበት የሚገባው አልጋ ላይ በነሐሴ ፀሐይ ሣር በቀለበት።

የቻድ ሐይቅ ታሪክ ከዚህ ይለያል። እዚህ ሳተላይቱ አረንጓዴውን በደንብ አይቶታል፣ ያሳሳተን የእኛ አቆጣጠር ነው። በ1963 ሐይቁ ወደ 25,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሁለት ከባድ ድርቆች መቱት። ሰሜኑና ደቡቡ ተለያዩ፣ ክፍት ሆኖ የሚታየው ውሃ ወደ 2,000 ካሬ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በታች ወረደ። "90 በመቶው ጠፋ" የሚለው ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው። እስከ ዛሬም ዓመት ሳይጠቀስ ይደገማል።

ግን ቻድ በጣም ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። ውሃው ሲሳሳ አልጋው ላይ ሸምበቆ፣ ደንገል፣ ፊላ ይሞላዋል። ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ነው፣ ስለዚህ ብዙ ካርታዎች የብስ ብለው ቆጠሩት። ከቅጠሉ ሥር ግን ውሃ አለ። ተክል ሥር ያለው ውሃ ሲቆጠር ሐይቁ በጥሩ ዓመታት እስከ 14,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚሸፍን ተገምቷል። ከ1990ዎቹ ወዲህ ዝናቡ በመጠኑ ስላገገመ፣ የተለያዩ ሳተላይቶችን አጣምረው የሠሩ ጥናቶች ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ሐይቁ በጠቅላላው እየጠበበ አይደለም ብለዋል። ይህ የ1963ቱ ሐይቅ ተመለሰ ማለት አይደለም። ሰሜኑ ክፍል አሁንም ስስ ነው፣ በሻሪ ወንዝ የሚመገበው ደቡቡ ነው የሚሻለው። ነገር ግን "ጠፍቶ ያለቀ ሐይቅ" እና "ከክፍት ውሃ ወደ ረግረግ የተለወጠ ሐይቅ" ሁለት የተለያዩ ሐይቆች ናቸው። የመጀመሪያው ከኮንጎ ተፋሰስ በግዙፍ ቦይ ውሃ እናምጣለት የሚል ፕሮጀክት ይጠራል፤ እንዲህ ዓይነቱ ሐሳብ ለአሥርት ዓመታት ሲንከባለል ኖሯል። ሁለተኛው ግን ዛሬ በዚያ ረግረግ ላይ እያጠመዱ፣ ከብት እያሰማሩና ውሃው ሲሸሽ እየዘሩ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች እንዳሉ ያስታውሳችኋል። አረንጓዴውን በውሃ ብናጥለቀልቀው የማን ኑሮ እንደሚሰጥም የመጀመሪያው ካርታ አያሳይም።

እምቦጭን ሳላነሣ ባልፍ ጽሑፉ ጎደሎ ይሆናል። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ አረሙ በ1980ዎቹ መጨረሻ ታየ፣ በ1998 አካባቢ ጫፍ ላይ ደረሰ። በኬንያ በኩል ያለውን የዊናም ሰላጤ ብቻ ወደ 17,000 ሄክታር ሸፍኖት ነበር። ከዚያ በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደቀ። የሚበሉት ትናንሽ ጢንዚዛዎች ተለቀውበት ስለነበር ብዙዎች ድሉን ለእነርሱ ሰጡ፤ ሌሎች ደግሞ በ1997 እና 1998 የነበረው የኤል ኒኞ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ የሚከተለው የአየር መዛባት) ዝናብ፣ ማዕበልና ደመና አረሙን ቀድሞ አዳክሞት ነበር አሉ። ሳተላይቱ አረሙ መቼና የት እንደቀነሰ በደንብ አሳየ። ማን እንደገደለው ግን ከሰማይ አይታይም፤ ያን የሚያውቁት ቅጠሉን አገላብጠው የጢንዚዛውን ንክሻ የቆጠሩ ሰዎች ናቸው። በ2006 መጨረሻ ከባድ ዝናብ መጥቶ አረሙ እንደገና ሲመለስ ክርክሩም አብሮ ተመለሰ።

ጣና ላይም እምቦጭ ከ2011 ወዲህ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ ደለልና ማዳበሪያ የጫኑ ወንዞች በሚገቡበት በኩል ነው የበረታው። በየዓመቱ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ይሰፋል፣ ነፋስ ይገፋዋል፣ ውሃው ሲሸሽ ከፊሉ መሬት ላይ ተኝቶ ይቀራል። እንግዲህ አንዱ የኅዳርን ምስል፣ ሌላው የግንቦትን ምስል ይዞ "ስንት ሄክታር ነው" ብለው ቢከራከሩ አይስማሙም፣ ሁለቱም እውነቱን እየተናገሩም ቢሆን። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ጣና ዳር ደንገሉ ሲመነጠርና ሲሳሳ ቦታውን እምቦጭ ወይም የውሃ ሽሽት እርሻ ከያዘው፣ የዓመቱ አማካይ አረንጓዴነት ምንም ላይንቀሳቀስ ይችላል። ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። "ለውጥ የለም" ተብሎ ይጻፋል። ከሥሩ ግን ረግረጉ በሙሉ ተቀይሯል፤ ዓሣ የሚራባበት፣ ታንኳ የሚሠራበት ተክል ሄዶ ሌላ ገብቷል።

ከዚህ የባሰ ዕውርነትም አለ። ከውሃ በታች የሚኖሩት ተክሎች ጥልቀት ለሌለው ሐይቅ ዋና ምሰሶ ናቸው፦ ጭቃውን ይይዛሉ፣ ውሃውን ያጠራሉ። እነርሱ ሲጠፉ ውሃው ይደፈርሳል፣ ሲደፈርስ ብርሃን ይቀንሳል፣ ብርሃን ሲቀንስ የተረፉትም ይሞታሉ፣ በቦታቸው አልጌ፣ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ረቂቅ ሕይወት፣ ይነግሣል። ሳተላይቱ የእነርሱን መጥፋት በጭንቅ ነው የሚያየው፣ የአልጌውን መምጣት ግን አጉልቶ ያየዋል፤ አልጌውም አረንጓዴ ስለሆነ ያለ ጥንቃቄ የተሠራ ካርታ "ተክል ጨመረ" ሊል ይችላል። በቻይናው ታይሁ ሐይቅ በ2007 አልጌ በዝቶ በዉሺ ከተማ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የቧንቧ ውሃ ሲበላሽበት ሐይቁ ከላይ አረንጓዴ ነበር።

ስለ መሣሪያዎቹ ጉድለት ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም የአርባ ዓመት ግራፍ ላይ የምታዩት መውጣትና መውረድ ሁሉ ከሐይቁ የመጣ አይደለም። ላንድሳት 7 በግንቦት 2003 አንድ ክፍሉ ተበላሸበትና ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ምስሉ 22 በመቶ ገደማ በጭረት መልክ ጎድሎ ቀረ። በብዙ የአፍሪካ አካባቢዎች የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ምስል በጣም የሳሳ ነው። ዝናብ ባለበት ወር ደመና ስለሚሸፍን መዝገቡ ወደ ደረቁ ወቅት ያጋደለ ነው፣ ረግረጉ ግን ኑሮውን የሚኖረው በዝናቡ ጊዜ ነው። ከ1990 የጥር ምስሎች፣ ከ2020 የጥቅምት ምስሎች ብቻ ተገኝተው አማካይ ቢወሰድ የሚወጣው "ለውጥ" የወር ልዩነት ነው። የሐይቁ ከፍታ አብሮ ካልተነበበም ማንኛውም የተክል ግራፍ ግማሽ ነው። ደግነቱ ከ1992 ወዲህ የትልልቅ ሐይቆችን ከፍታ ከጠፈር የሚለኩ ሳተላይቶች አሉ፣ በታኅሣሥ 2022 የመጠቀው ስዎት ደግሞ ትናንሾቹንም መለካት ጀምሯል።

በእኔ እምነት ትልቁ ተስፋ ያለው ራዳር ላይ ነው። ራዳር የራሱን ሞገድ ወደ ምድር ልኮ ነጥሮ የሚመለሰውን የሚያነብ መሣሪያ ስለሆነ ደመና አያግደውም፣ ሌሊትም ይሠራል። ሞገዱ ረጅም ሲሆን፣ 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ቅጠሉን አልፎ ይገባል። ከታች ውሃ ካለ ከውሃው ነጥሮ ግንዱን ይመታና ወደ ሳተላይቱ ይመለሳል፤ ስለዚህ እግሩ ውሃ ውስጥ ያለ ሸምበቆ በራዳር ምስል ላይ ደምቆ ይታያል። የብስ ላይ የቆመው ያን ያህል አይደምቅም። ቻድ ላይ ካርታዎቹ ያጡት ይህን ነበር። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ከ1999 አካባቢ እስከ 2013 ውሃው ዝቅ ብሎ ሲቆይ ከውጭ የገባ ረጅም የሸምበቆ ዝርያ የተጋለጠውን ዳር እየተከተለ ወረረው። ተመራማሪዎች በአሜሪካ በኩል ያለውን ዳርቻ ሙሉ ካርታ የሠሩት በጃፓኑ አሎስ ሳተላይት ራዳር ነው፤ ከዚያ መስክ ወርደው በየቦታው ተክሉን በዓይናቸው አረጋግጠዋል። ይህ የመስክ ማረጋገጫ ነው ካርታውን አስተማማኝ ያደረገው።

በሐምሌ 2025 ናሳና የሕንድ የጠፈር ድርጅት በጋራ የሠሩት ኒሳር መጥቋል። ይህን ረጅም ሞገድ ይዞ ምድርን ከሞላ ጎደል በሙሉ በየ12 ቀኑ ያያል፣ መረጃውም በነፃ የሚለቀቅ ነው። እስከ ዛሬ ረጅሙ ሞገድ እዚህም እዚያም በተቆራረጠ መልክ ነበር የሚገኘው። አሁን ቻድን፣ ጣናን፣ ፖያንግን በአንድ ዓይን፣ በአንድ ሰዓት፣ ደመና ሳይከለክል መከታተል ይቻላል። ሸምበቆው ሥር ውሃ አለ ወይስ የለም የሚለው ጥያቄ ከግምት ይወጣል።

መንግሥታትም ሆኑ ፕሮጀክቶች በዚህ ላይ ገንዘብ ሲያወጡ አንድ ነገር እንዲጨምሩ እፈልጋለሁ። የምስሉ ክፍያ ዛሬ ዜሮ ነው፤ የሚያስወጣው ጀልባውና ሰው ነው። በየሐይቁ በተወሰኑ ነጥቦች ላይ፣ በየዓመቱ በአንድ ዓይነት ወር፣ እዚህ ደንገል አለ፣ እዚህ ፊላ፣ ጥልቀቱ ይህን ያህል ብሎ በጂፒኤስ መዝግቦ የሚመለስ ቡድን ያስፈልጋል፤ ለአንድ ፕሮጀክት ዘመን ብቻ ሳይሆን ለአሥርና ለሃያ ዓመት። የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች ከማንም በላይ ይህን ያውቃሉ፣ ተከፍሏቸው ሊሠሩት ይችላሉ። ካርታ የሚያወጣ ሁሉም የምስሉን ቀን፣ የዕለቱን የሐይቅ ከፍታና ስንት ነጥብ በመስክ እንዳረጋገጠ ካርታው ጥግ ላይ ይጻፍ። "ስንት ሄክታር" የሚለው ክርክር አብዛኛው እነዚህ ሦስት መስመሮች ቢኖሩ አይነሣም ነበር።